ሲበራ ያደረው አምፖል

ባትሪውን የጨረሰችው መሱዳ ናት። ማንም ግን አላወቀም።

ማታ መብራት ሲጠፋ የባዮሎጂ ደብተሯን ይዛ የአባቷ ፒካፕ ውስጥ ገባች። ሰኞ ፈተና አለባት። በጣሪያው አምፖል ስታነብ ቆይታ፣ እንቅልፍ ሲያዳፋት ወርዳ ተኛች። አምፖሉን አላጠፋችውም።

ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ስልክ ተደወለ። አኮ፣ የአባቷ እናት፣ ዋደራ ከተማ አርፈዋል። ቀብሩ አራት ሰዓት ነው። መንገዱ ሁለት ሰዓት ይፈጃል።

አባቷ ሚክዳድ ቁልፉን አዞረ። ጠቅ አለ፤ ሌላ ድምፅ የለም። ጎረቤት ተጠርቶ ገፋ፤ የናፍጣ መኪና፣ ያውም ዳገት ላይ፣ በግፊ የት ይነሣል! የመኪና ኤሌክትሪክ የሚሠራው ሀላኬ የባትሪ ማገናኛ ገመዱን አንገቱ ላይ ጠምጥሞ በባጃጅ ደረሰ።

«ከባጃጁ ባትሪ አትስብም?» አለ ሚክዳድ።

«የባጃጅ ባትሪማ ለዚህ ጉሮሮ ማርጠቢያም አይሆን፣ ኦቦ ሚክዳድ። መኪና ያፈላልጉ።»

አሁን ይነሣል፣ አሁን ይነሣል ሲባል የዋደራው ሚኒባስ ሞልቶ ሄደ። በሰፈሩ ሌላ መኪና ያላቸው መምህር ሥዩም ብቻ ናቸው። እሳቸው ደግሞ ቅዳሴ ላይ ናቸው፤ ስልካቸውም ዝግ ነው።

መሱዳ ሮጠች። ቤተ ክርስቲያኑ በር ስትደርስ ግን እግሯ ተያዘ፤ ገብታ አታውቅም። ቆመች። ሁለት ሰዓት አለፈ። ሦስትም አልፎ ወደ አራት ተጠጋ። ሕዝቡ መውጣት ሲጀምር መምህር ሥዩምን ነጠላቸውን እንዳጣፉ አየቻቸው።

«ምነው ልጄ? ደኅና አይደላችሁም?»

«አኮ ሞተች። መኪናችን አልነሣ ብሎ ነው፣ ጋሼ።»

«እና እስካሁን እዚህ ቆመሻል? ሰው አትልኪብኝም?»

«ፈራሁ።»

ሥዩም መኪናቸውን አስነሥተው ይዘዋት በረሩ።

«ይጠብቁኛል» እያለ ነበር አባቷ ሲደርሱ። «ልጇ እኔ ነኝ፤ ይጠብቁኛል።»

ሀላኬ የሁለቱን መኪኖች ባትሪ በገመዱ አገናኘ፤ ቀዩን ጫፍ ከቀዩ፣ ጥቁሩን ከብረቱ አያያዘ። ወዲያው የጣሪያው አምፖል ቦግ አለ።

ሚክዳድ ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሮ ቆሟል፤ ሀላኬ ግን አምፖሉን አየ። ቀጥሎ በሩ አጠገብ የቆመችውን መሱዳን አየ። ፊቷ ሁሉንም ነገረው። እጁን ሰደድ አድርጎ አምፖሉን አጠፋና «ባትሪው ትንሽ ይጠጣ» አለ።

ጠጣ። ሚክዳድ ገብቶ ቁልፉን አዞረ፤ ሞተሩ ተነሣ። ማርሽ ሳያስገባ ስልኩ ጮኸ።

«እሺ» አለ። «እሺ… ገባኝ፤ ሙቀት ነው፤ መጠበቅ አይቻልም። አልሐምዱሊላህ።» ስልኩን ጭኑ ላይ አስቀመጠ። ቀብረዋታል። ከዚያ ወደ ሀላኬ ዞረ።

«ትናንት ፈትሸህ ባትሪው ደኅና ነው ያልከኝ አንተ ነህ። እናቴን ያላስቀበርከኝ አንተ ነህ! ሁለተኛ እዚህ ግቢ እንዳላይህ!»

ጎረቤቱ ሁሉ ሰማ። በከተማቸው በነገሌ ሚክዳድ የጣለውን ባለሙያ ሌላ ነጋዴ አያነሣውም። ከሐዘንተኛ ጋር ማን ይከራከራል? ሀላኬ ገመዱን ጠቅልሎ በእግሩ ሄደ።

«ሞተሩን እንዳታጠፋው፣ ሚክዳድ፤ ባትሪው ይሙላ» አሉ ሥዩም በቀስታ። «አላህ ያጽናህ።»

አባቷ የትም በማይሄድ መኪና ውስጥ መሪውን ይዞ ተቀመጠ።

ቤት ውስጥ እናቷ ፉዚያ ለለቀስተኛ ምንጣፍ ታነጥፋለች። መሱዳ በሩን ተደግፋ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

«አባትሽን ልትገድይው ነው?» አለች እናቷ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ። «ዛሬማ አይሆንም። ሐዘኑ ይውጣለት። ትነግሪዋለሽ፣ ሌላ ቀን።»

«ሀላኬስ፣ እማ?»

«ሀላኬ ወንድ ነው፤ ይችለዋል።»

«አምፖሉን አየው እኮ። አውቆ ነው ዝም ያለው።»

እናቷ የምንጣፉን ጫፍ ደግማ አስተካከለች። ከውጭ የሞተሩ ድምፅ ይሰማል። መሱዳ ጫማዋን አጠለቀች።

«መሱዳ! ነይ ተመለሺ ብያለሁ!»

ወጣች፤ በሩንም ከኋላዋ ዘግታ አባቷ ወደተቀመጠበት ፒካፕ አመራች።