የተቆለፈው እጅጌ

«ሰው የሌለው ሰው ቁልቁለት ላይ ፍሬን አይዝም» ይላሉ አዛውንቱ ዘበኛ። ለፖሊስ አሉት፣ ለጎረቤት አሉት፣ አሁን ደግሞ የሟች እህት ፊት ደገሙት። የማተሚያ ቤቱ አራሚ እንደ ወትሮው በብስክሌቱ ወደ ሥራ ሲወርድ፣ መስቀለኛው መንገድ ላይ ከቆመ አውቶቡስ ጋር ተላትሞ ሞቷል። ከሳምንት በፊት አንድ መኪና ነርስ ገጭቶ ያመለጠውም እዚያው ነው። ራሱን ገደለ የሚለው ወሬ ግን ከአስከሬኑ ቀድሞ ቤት ገባ።

«ወንድሜ ኩሩ ነው እንጂ ተስፋ የቆረጠ አይደለም» አለች እህቱ መርማሪዋን። «ነገ ይቀበራል። ይህን ስም ተሸክሞ እንዳይሄድ ድረሺልኝ።»

መርማሪዋ ቃል አልገባችም፤ ቃል መግባት የሚቀናቸውን ሰዎች አትወድም። ሄዳ አስከሬኑን አየች። የግራ እጁን ጓንት ስታወልቅ ጣቶቹን መንምነው ደርቀው አገኘቻቸው፤ አይታጠፉም፣ የቆየ ሽባነት ነው። የቀኝ እጅጌው ቁልፍ በወጉ ተቆልፏል፣ አጠገቡም ጥቁር የግራሶ ቅባት እድፍ አለ። ከዚያ ብስክሌቱ ላይ አጎነበሰች። የግራው ፍሬን ደህና ነው። የቀኙን ሽቦ የሚያስረው ዳዶ ግን ላልቷል፤ ሽቦው ጠበቅ አድርገው ሲስቡት ያመልጣል።

«አባባ፣ ጓንቱ ለምን ነበር?» አለች ዘበኛውን።

«ለሽቅርቅርነት ነዋ! ቤቱ የሚገባ የለ፣ የሚያናግረው የለ። ጠዋት ብስክሌቱን ከደረጃው ስር ሲያወጣ ጎረቤቱ ሹፌር ብቻ ነው የሚቀርበው። የእነሱም ሰላምታ ጉድ ነው፤ መዳፉን አይጨብጠውም፣ አንጓውን ይዞ ይቆማል።»

«የሞተ ዕለትም?»

«የሞተ ዕለትም።»

ሹፌሩ ግቢው ውስጥ የዕቃ መጫኛ መኪናውን ያጥባል። መኪናው ከላይ እስከ ታች አርጅቷል፤ አንደኛው የፊት መብራት ብቻ እንደ ሙሽራ ያበራል።

«ይሄስ?»

«አሮጌው ተቃጥሎ ነው።»

«አምፖል ሲቃጠል መስታወቱም ይቀየራል እንዴ?»

ጨርቁን ጨመቀው። «ጋሼ ብቸኛ ነበር» አለ። «ጠዋት ያ ሁሉ መኪና ጡሩምባ ሲነፋበት፣ ‹ይኸው ዛሬም ሰው አናገረኝ› እያለ ይስቅ ነበር።»

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በሟቹ ክፍል ውስጥ ሰበሰበቻቸው። ያለው አንድ ወንበር ነው። እህት ተቀመጠች፣ ሌላው ቆመ።

«ራሱን ሊገድል የፈለገ ሰው ፍሬን አያላላም፤ አለመያዝ ይበቃዋል» ብላ ጀመረች መርማሪዋ። «ሌላ ሰው ነው ያላላው። ግን ለምን ቀኙን ብቻ? ግራ እጁ እንደማይሠራ ስለሚያውቅ ነዋ።»

«እኔ እንኳ አላወቅኩም» አለች እህት። «ለብርድ ነው ይለኝ ነበር።»

«ከሰው ሁሉ ደብቆታል። ግን የቀኝ እጅጌን የሚቆልፈው ግራ እጅ ነው። አባባ፣ ያዩት ሰላምታ አልነበረም፤ ሹፌሩ እጅጌውን እየቆለፈለት ነበር። የሞተ ዕለት የሹፌሩ ጣት ላይ የዳዶው ግራሶ ነበር፣ እድፉም እጅጌው ላይ ቀረ። ነርሷን ከገጨው መኪና የፊት መብራት ስባሪ መንገዱ ላይ ተገኝቷል፤ ከሹፌሩ መኪና ጋር ይመሳከራል። በዚያ ሰዓት በዚያ ቁልቁለት በብስክሌት የሚወርደው ደግሞ ሟቹ ነበር።»

ሹፌሩ ግድግዳውን ተደግፎ ቁጢጥ አለ።

«አይቶኛል። ዓይን ለዓይን ተገጣጥመናል» አለ። «አንድ ቃል አልተነፈሰም። ጠዋት ጠዋት ክንዱን ዝም ብሎ ይዘረጋልኛል። ፖሊስ ለምስክርነት እንደጠራው ስሰማ... ዝምታው ነው ያሳበደኝ።»

ሊወስደው የመጣው ትራፊክ ፖሊስ በሩ ላይ ቆሞ ይሰማ ነበር።

«አራሚው? በሞተበት ቀን ዋዜማ እኛ ጋ መጥቶ ነበር እኮ» አለ።

«ምን አለ?» አለች እህት።

«‹ምንም አላየሁም› አለ። ደጋግመን ጠየቅነው፤ ‹ምንም አላየሁም› ብሎ በብስክሌቱ ሄደ።»