«ስለ መቁረጫው አታንሳ»

የማተሚያ ቤቱ ባለቤት ከሦስተኛው ፎቅ መስኮት ሥር ወድቆ የተገኘው ጠዋት፣ ሠራተኛ ሳይገባ ነው። ቢሮው ውስጥ የስንብት ደብዳቤ ተቀምጧል። ደብዳቤው የወጣው ከጸሐፊዋ ኮምፒውተር ስለሆነ፣ ረፋዱ ሳይገፋ ካቴናው ጠረጴዛዋ ላይ ነበር።

ጸሐፊዋ ካቴናውን አይታ ወደ ወንድሟ ዞረች። በዓለም ላይ ያላት እሱ ብቻ ነው፤ ታናሿ፣ በእጇ ያሳደገችው፣ እዚሁ ማሽን ላይ ያስቀጠረችው። እሱም በጨርቅ የተጠቀለለ ግራ እጁን አቅፎ ግድግዳ ተደግፏል። ከሦስት ሳምንት በፊት ሁለት ጣቶቹን ሲያጣ፣ በር ቀረጠፈኝ ነበር ያለው። ከሟቹ፣ ከጸሐፊዋና ከወንድሟ ሌላ የቢሮውን ቁልፍ የያዘችው የሟች ሚስት ብቻ ናት።

መርማሪዋ አጠር ያለች፣ ድምፀ ለስላሳ ሴት ናት። ሚስትየዋን ስትጠይቃት፣ ደብዳቤው የባሏ እንዳልሆነ ገና ከመጀመሪያው መስመር ማወቋን ነገረቻት።

«በሠላሳ ዓመት አንዴ ‹ውዴ› ብሎኝ አያውቅም። ሊሞት ሲል ነው የለመደው?»

ከዚያ መርማሪዋ ታች ወርዳ የወረቀት መቁረጫውን ስትዞረው ቆየች። ተመልሳም ከጸሐፊዋ ጎን ተቀመጠች።

«እስቲ አስተምሪኝ ልጄ። ይሄ ኮምፒውተርሽ ላይ ያለው፣ ጻፍ ሲሉት የሚጽፈው ሰው ሠራሽ አስተውሎት የሚሉት እንዴት ነው የሚታዘዘው?»

ጸሐፊዋ ሥራዋ ሲነሳ ትንሽ ነፍስ ዘራች። አዲስ እንደተቀጠረ ሠራተኛ ነው አለች፤ ማን እንደሆንሽ፣ ለማን እንደምትጽፊ፣ ምን ያህል እንዲረዝም ካልነገርሽው በግምት ይሞላዋል። የመጀመሪያው ትምህርት ይህ ነው፦ የሚያስፈልገውን ሁሉ ንገሪው። ሁለተኛው፣ የማትፈልጊውን ከምትከለክዪው የምትፈልጊውን ንገሪው።

«ለማን አስተምረሻል?»

«ለወንድሜ። እሱም የመጀመሪያውን ብቻ፤ ከዚያ እጁ…»

አፏን ያዘች። ወንድሟ የሚታሰርበትን ገመድ በገዛ እጇ አቀበለች።

መርማሪዋ ሁሉንም ሰብስባ፣ ከኮምፒውተሩ ያገኘችውን ትዕዛዝ አነበበች።

«‹አንተ የማተሚያ ቤት ባለቤት ነህ። ዕድሜህ ስልሳ ሦስት። ለሚስትህ የስንብት ደብዳቤ ጻፍ። ከአንድ ገጽ አይብለጥ። ስለ መቁረጫው አታንሳ።›»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ቀጠለች።

«ኮምፒውተሩ መቁረጫ ይኑር አይኑር በምን ያውቃል? ያልነገሩትን አያነሳም። መቁረጫው ከልቡ አልወጣ ያለው ሰው ነው እንዲህ የሚለምን። ታች ያለው ማሽን አሮጌ ነው፤ የምላጩ መከለያ ግን አዲስ፣ ደረሰኙ እንደሚለው የተገጠመውም ይሄ ልጅ ‹በር ቀረጠፈኝ› ባለ ማግስት። ባለቤቱ አፋችሁን ካልዘጋችሁ ሁለታችሁንም አባርራለሁ ብሎ ይሆናል።»

ሚስትየዋ ዓይኗ ከተጠቀለለው እጅ ላይ አልነቀል አለ። ጸሐፊዋ ተነስታ ሁለት እጆቿን ዘረጋች።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት። እኔን ውሰዱኝ።»

«የአንቺን አርባ ትዕዛዝ አንብቤያለሁ» አለች መርማሪዋ፣ ዝቅ ባለ ድምፅ። «አንዱም ላይ ‹አታንሳ› የሚል የለም። እኚህ እመቤት ደግሞ ስለ መቁረጫው ዛሬ መስማታቸው ነው። ይሄን የጻፈው አንደኛውን ትምህርት የተማረ፣ ሁለተኛው ሳይደርስ ጣቱ የተቆረጠ ሰው ነው።»

ወንድሟ ከግድግዳው ተላቀቀ። በደህና እጁ የእህቱን የተዘረጉ እጆች ቀስ አድርጎ ወደ ታች መለሳቸው።

«እትዬ፣ ሁሉን ንገረው አላልሽኝም ነበር?» አላት።