የአቧራ ማሽኑ በር

መርማሪዋ ስትደርስ ሟቹ ገና ከብረት ሳጥኑ አልወጣም ነበር። አፍና አፍንጫውን በሸሚዙ ሸፍኖ፣ በሩ ሥር እንደተቀመጠ ቀርቷል። ከራስ ፀጉሩ እስከ ጫማው የእንጨት ዱቄት ለብሷል።

የቤት ዕቃ ፋብሪካው አቧራ የሚሰበሰበው ክፍል በሚያህለው በዚህ ሳጥን ነው። ማራገቢያው ከመቁረጫዎቹ የሚስበው አየር በአሥራ ሁለት በርሜል መሳይ ፊልተሮች ያልፋል፤ አቧራው በፊልተሮቹ ላይ ይቀራል። ሲከማች፣ ከኮምፕረሰር የሚመጣ አየር ከውስጥ እየመታ ያራግፈዋል። ሠራተኞቹ ማሽኑን «ሳንባው»፣ ጠጋኙን ደግሞ «ሐኪሙ» ይሏቸዋል። የሞተው ሐኪሙ ነው።

ነገሩ ያለቀለት ይመስል ነበር። ሐኪሙ ፊልተር ሊቀይር ሲገባ ታናሽ ወንድሙ፣ የፋብሪካው ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ ኃይል አቋረጠለት። በምሳ ሰዓት ግን መልሶ አበራው። ማራገቢያው ተነሣ፤ በሩን ስቦ ዘጋው፤ ሰውየው ታፈነ። እንዲህ ብሎ ያስረዳው ፎርማኑ ነው። አስከሬኑን ያገኘውም እሱ ነው።

ታናሽየው አልተከራከረም። ያበራሁት ፎርማኑ «ጨርሶ ወጥቷል» ስላለኝ ነው ብሎ አንዴ ተናገረ፤ ፎርማኑ ሲክድ አንገቱን ደፋ። እናቱም ወሬው ደርሷቸው፣ ደጄን እንዳይረግጥ ብለው ልከውበታል።

የዕቃ ቤት ኃላፊዋ ከሟቹ ጋር በፊልተር ጉዳይ ሲጨቃጨቁ መክረማቸውን አልደበቀችም። እሱ አምጪ ይላል፤ ፎርማኑ የፊልተሮቹን መታፈን በአየር ግፊት የሚያሳየው መለኪያ ደህና ነው እያለ አይፈርምላትም። በዚህ መሀል ሸካራ እንጨት የምታለሰልሰው ልጅ ሳል ጠንቶባት ሆስፒታል ገባች።

«ትናንት ምን አለሽ?» አለች መርማሪዋ።

«ነገ ተቆጣጣሪዎች ይመጣሉ፤ የማሳያቸው ነገር አለኝ ብሎኛል።»

መርማሪዋ አስከሬኑ ከተነሣ በኋላ ሳጥኑ ውስጥ ገብታ በሩን እንዲገፉባት አዘዘች። ጨለመ። በመዳፏ በሩን ዳበሰች፤ ከውስጥ የሚያዝ እጀታ የለውም። የራሷ ትንፋሽ ከብረቱ እየተመለሰ ፊቷን መታት። ባትሪዋን አበራች። ስድስቱ ፊልተሮች አዲስ ናቸው። ጣቷን በላያቸው አስኬደች፤ ከዚያ በግርጌያቸው። ስትወጣ ላቧ ይንጠፈጠፍ ነበር።

ፎርማኑን ያገኘችው ግቢው ውስጥ ነው።

«ማራገቢያው መነሣቱን በምን አወቁ?»

«መለኪያውን አይቼ ነዋ። መርፌው ከፍ ብሎ ነበር።»

«እርግጠኛ ነዎት?»

«እርስዎን እንደማይዎት።»

ከዚያ ፎርማኑን፣ ታናሽየውንና የዕቃ ቤት ኃላፊዋን ሳጥኑ ፊት ሰበሰበቻቸው።

«ማራገቢያው ተነሥቶ ቢሆን አቧራውን ወደ አዲሶቹ ፊልተሮች ይስበው ነበር» አለች። «ዙሪያቸውን በሸፈነው። አቧራ የለበሱት ግን አናታቸው ላይ ብቻ ነው፤ ግርጌያቸው ነጭ ነው። አቧራው ከላይ ወረደባቸው እንጂ አልተሳበም። ስለዚህ ማራገቢያው አልተነሣም። በሩን የሚስብ ነገር አልነበረም፤ የዘጋው የሰው እጅ ነው።»

ታናሽየው ቀና አለ።

«የተነሣው ፊልተሮቹን በአየር እየመታ የሚያራግፈው ማራገፊያ ብቻ ነው። ባልተቀየሩት ስድስት ፊልተሮች ላይ የነበረው አቧራ ሁሉ ሰውየው ላይ ተራገፈ። ማራገፊያው ደግሞ የራሱ ቁልፍ አለው፤ ሰው ካልተጫነው አይነሣም።» ከቦርሳዋ ሳጥኑን ከመለኪያው የሚያገናኙ ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች አወጣች። የአንዱ አፍ በፕላስተር ተደፍኗል። «ከሟቹ ኪስ የወጡ ናቸው። መለኪያው ሁሌ ደህና እንዲል ያደረገው ይህ ፕላስተር ነው። ሐኪሙ ለተቆጣጣሪዎቹ ሊያሳይ ሳጥኑ ውስጥ ከመግባቱ በፊት ነቅሏቸዋል። ያለ ቱቦ ያ መርፌ ንቅንቅ አይልም። እርስዎ ከፍ ብሎ አየሁት ያሉት ምኑን ነው?»

ፎርማኑ ወደ መለኪያው ዞረ። ቱቦዎቹ መነቀላቸውን ያየው ገና አሁን ነው።

«ላስፈራራው ብዬ ነው» አለ። «ሲያንኳኳ ልከፍትለት ነበር።»

«አላንኳኳም?»

«አንኳኳ።» ድምፁ ወረደ። «ከፍቼ ምን ልበለው?»

ፖሊሶቹ ፎርማኑን ሲወስዱት ታናሽየው ወደ ኋላ ቀረ። ለእናቴ እርስዎ ይንገሩልኝ ብሎ መርማሪዋን ለመናት። አብሬህ እመጣለሁ፣ የምትነግራቸው ግን አንተ ነህ አለችው።

እናቱ በሩን ገርበብ አድርገው ቆሙ።

«ጋሼ ላይ የዘጋሁት እኔ አይደለሁም፣ እማዬ።»

«መብራቱንስ?»

መርማሪዋ ተታልሎ ነው ልትል አፏን ከፈተች። እሱ ቀደማት።

«እሱን ያበራሁት እኔ ነኝ። ሄጄ በዓይኔ ሳላይ አበራሁ።»

አሮጊቷ ለረጅም ጊዜ ፊቱን አዩት። ከዚያ ከበሩ ፈቀቅ አሉለት።