የፈረሶቹ ዘር

የተራራውን ጠባብ ማለፊያ እኩሌታ እንዳለፉ በረዶው ወረደባቸው። ሽምብራ የሚያህለው ቀድሞ መጣ፤ እንቁላል የሚያህለው ተከተለ። ፈረሶቹ ጆሯቸውን አጣጥፈው ፊታቸውን ወደ ገደሉ አዞሩ። አጎቷ ከኮርቻ ዘለው ወረዱ፣ ሁለቱንም ልጓም ጨብጠው እየጎተቱ እንስሶቹን ከአንድ ቋጥኝ ጥግ አስገቧቸው። እሷ ለደም ናሙና የያዘችውን የማቀዝቀዣ ሳጥን በሰውነቷ ሸፍና ተከተለች።

ሲያባራ አጎቷ ለመውጣት ግራ እግራቸውን አነሱ። እርካቡን ሳቱት። እንደገና አነሱ፤ አሁንም ሳቱት። ቀጥለው ጭቃው ላይ በጀርባቸው ተዘረሩና ሳቁ።

«እርካቡን ማን አሳጠረው?» አሉ።

እርካቡን ማንም አልነካውም። ሰውዬው የአገሩን መንገድ ሁሉ ስለሚያውቁ በዘመድ አዝማድ ዘንድ «ካርታው» የሚባሉ፣ ከእግራቸው ይልቅ በፈረስ የሄዱት የሚበልጥ ፈረሰኛ ናቸው። እሷ ደግፋ አነሳቻቸው። ልቧ ግን ስንጥቅ አለ። እናቷንም የጀመራት እንዲሁ ደረጃ እያሳተ ነበር።

እናቷን የገደለው በሽታ ፕሪዮን ከሚባል የተበላሸ ፕሮቲን የሚመጣ ነው። አንጎል ውስጥ ያለ አንድ ፕሮቲን አተጣጠፉ ይበላሽና ይጣመማል፤ የተጣመመው ደግሞ ጤነኛውን እያጣመመ ይሄዳል። መድኃኒት የለውም። በእናቷና በአጎቷ ቤተሰብ ከወላጅ ወደ ልጅ ይወርዳል። ዘር ከልጓም ይስባል ይላሉ፤ የእነሱ ወደ መቃብር ነው የሚስበው። የእንስሳት ሐኪም ሆና ከላቦራቶሪ አልወጣም ያለችውም በዚሁ ምክንያት ነው። በግ ይታመማል፣ ላም ትታመማለች፣ አጋዘን ይታመማል፤ ፈረስ ግን በዚህ ዓይነት በሽታ ታሞ ታይቶ አይታወቅም። ይህን ፕሮቲን የሚያሠራው ትእዛዝ፣ ዘረመል የሚባለው፣ በፈረስ ላይ አንዲት ፊደሉ የተለየች ናት፤ ፕሮቲኑን ጠበቅ አድርጋ ይዛ እንዳይጣመም የምታግዘው እሷ ሳትሆን አትቀርም። ከተራራው ማዶ ደግሞ ከሌላ ፈረስ ጋር ሳይቀላቀል የኖረ የዱር መንጋ አለ። ያቺ ፊደል እነሱም ዘንድ ትኖር ይሆን? ወይስ ከእሷ የበረታች ሌላ አለች? ይህን የሚነግራት ደማቸው ብቻ ነው።

«አንቺ መርፌ» አሉ አጎቷ ቁልቁለቱን ሲወርዱ። በቅጥነቷም በሥራዋም ምክንያት በስሟ መጥራት ከተዉ ቆይተዋል። «ይሄ ፕሮቲን የምትይው፣ አንዱ ሌላውን እንዴት ነው የሚያበላሸው?»

«አጠገቡ በመዋል ነው፣ ጋሼ።»

«በይ ገባኝ። ከአህያ ጋር የዋለች ጊደር ፈስ ተምራ መጣች በይኛ።»

ሳቀች። ወዲያው ደግሞ አሁን በእሳቸው ራስ ውስጥ ከማን ጋር ማን እንደዋለ አሰበችና ሳቋ ተቋረጠ።

ጀንበር ስታዘቀዝቅ ጫካ ገቡ፤ ተኩላዎችም እዚያው አገኟቸው። መጀመሪያ ከኋላ አንድ ታየ፣ ቀጥሎ ከግራ ሁለት። ፈረሶቹ አንኮራፉ፣ ባሉበት ተርበተበቱ። እሷ ጭራሮና ደረቅ ቅጠል ሰብስባ ከመረች። ክብሪቱ ያለው አጎቷ ዘንድ ነው።

«ይጫሩት፣ ጋሼ።»

አጎቷ አንዲት ክብሪት አወጡ። በጣታቸው ይዘው አገላበጧት፣ ትክ ብለው አዩዋት። አልጫሯትም። ምን እንደሚደረግባት ጠፍቷቸዋል። አንዱ ተኩላ ዳማው ፈረስ ላይ ተወረወረ፤ ፈረሱ በኋላ እግሩ ረግጦ አሽቀነጠረው። እሷ የክብሪቱን ቀፎ ነጥቃ ጭራሮውን ለኮሰች፣ የሚነድ ቅርንጫፍ አንስታ እየጮኸች ሮጠችባቸው። ተኩላዎቹ ሸሹ። ስትመለስ አጎቷ ያቺን ክብሪት እንደያዙ ቆመዋል።

«ደክሞኝ ነው» አሉ።

«አዎ፣ ደክሞዎት ነው።»

ተኩላ በእሳት ይሸሻል። ይህኛውን በምን እንደምታባርረው ግን አታውቅም ነበር።

ሸለቆው ደርሰው መንጋውን ሲያዩ አጎቷ ሌላ ሰው ሆኑ። ገመዱን አንዴ አዙረው ወረወሩት፤ ሸምቀቆው አንዲት ጉራቻ ባዝራ አንገት ላይ ገባ። ባዝራዋ መሬት ለመሬት ጎተተቻቸው፤ አልለቀቁም። ተነስተው ገመዱን እየሳቡ ደረሱባት፣ መዳፋቸውን አፍንጫዋ ላይ አድርገው አንሾካሾኩላት። ቆመችላቸው። እሷም ፈጥና የባዝራዋን የአንገት ደም ሥር አገኘች፤ ብልቃጦቹ አንድ በአንድ ሞሉ። የአጎቷ እጅ አንዴም አልሳተም። ምናልባት ተሳስቼ ይሆናል፣ ምናልባት ድካም ብቻ ይሆናል እያለች ተመኘች።

ሳጥኑን ከመዝጋቷ በፊት ፈረሰኞች ከበቧቸው። የሸለቆው ፈረስ አርቢዎች ናቸው፤ ከዱሩ መንጋ ድንጉላ እየያዙ ከራሳቸው ባዝሮች ጋር ያዳቅላሉ፣ ውርንጭላውን ይሸጣሉ።

«ምን ልታደርጉ መጣችሁ?» አለ አለቃቸው።

አጎቷ ቀደሟት። «የፈረሶቹን ዘር ልንወስድ ነው» አሉ በኩራት።

ስንት ጊዜ «ዘረመል» ብላ ያስተማረቻቸውን ቃል ግማሹን ጥለውት ነው። አርቢዎቹ የሰሙት ግን ሌላ ነው፤ በእነሱ ቋንቋ የፈረስ ዘር ከድንጉላ የሚወሰድ ነው፣ መተዳደሪያቸውም እሱ ነው። አለቃው ወርዶ ሳጥኑን በእርግጫ ገለበጠው። ብልቃጦቹ ድንጋይ ላይ ተሰባበሩ። አንዱ ብቻ ሣሩ ላይ ተንከባለለ፤ አለቃው ሊረግጠው እግሩን አነሳ።

«ደም ነው» አለች ተንበርክካ። «ዘር አይደለም፣ ዘረመል ነው፤ ለምርመራ ነው።»

«ዘርም በይው ዘረመል፣ ሌባ ሌባ ነው።»

የቀራት እውነቱ ብቻ ነበር፤ እሱን ደግሞ አጎቷ ፊት ልትናገረው አትፈልግም።

«የታመመው የእኛ ዘር ነው» አለች። «እናቴን ገድሏል። እሳቸውን ጀምሯቸዋል። ምናልባት እኔንም። ፈረስን አይነካም፤ ለምን እንደማይነካው ነው የምፈልገው። ሌላ ምንም አልፈልግም።»

አለቃው አጎቷን አየ። አጎቷ ገመዱን እየጠቀለሉ ነበር፤ ጠቅልለው ፈቱት፣ እንደገና ጠቀለሉት። አለቃው እግሩን ከብልቃጡ ጎን አሳረፈ።

«ይዛችሁ ሂዱ። እንዳትመለሱ።»

ወንዝ ዳር ሲደርሱ አጎቷ ፈረሳቸውን አቆሙ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ከእርካቡ።»

«ታዲያ ለምን መንገድ እንድመራ ተውሽኝ?»

«ከእርስዎ በቀር የሚያውቀው የለማ።»

ወደ ወንዙ አዩ፤ ወደ ተራራው አዩ። «እኔም አላውቀውም» አሉ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ከትናንት ጀምሮ ጠፍቶብኛል።»

አለቀሰች። ከዚያ ሌላ የምታደርገው ስላልነበረ ፈረሶቹ ራሳቸው እንዲመሩ ልጓሞቹን አወለቀች፤ ሳጥኑን ጀርባዋ ላይ አስራ ፈረሶቹን ወደ ውሃው ለቀቀቻቸው። መሀል ላይ ጎርፉ አጎቷን ከኮርቻ ነቀላቸው። የኮታቸውን አንገትጌ በአንድ እጇ፣ የዳማውን ጋማ በሌላው ጨበጠች፤ ፈረሱ ሁለቱንም እየጎተተ ከዳር አወጣቸው። ከዚያ ወዲያ የመሩት ፈረሶቹ ናቸው። ቤታቸውን ያውቃሉ፤ ሰዎቹ እንደ ጭነት ተወሰዱ።

ላቦራቶሪው ውስጥ ማሽኑ የባዝራዋን ደም አነበበ። ያቺ ፊደል አለች፣ እንደ ሌሎቹ ፈረሶች ሁሉ። ከእሷ የበረታች አልተገኘችም።

«ጥሩ ውጤት ነው፣ ደስ ይበልሽ እንጂ» አለቻት የሥራ ባልደረባዋ።

ጥሩ ነው፣ እውነት ነው። ከዚያች ፊደል እስከ አንዲት ክኒን ያለው መንገድ ግን ረጅም ነው፤ አጎቷ አይደርሱበትም። ይህን ታውቃለች፣ ማወቋም ምንም አይጠቅማቸውም። እጅጌዋን ሰበሰበችና ለዓመታት ከምርመራ ስታሸሸው የኖረችውን ክንዷን ዘረጋች።

«አሁን የእኔን ደም ቅጂ።»

ኮሪደሩ ላይ አጎቷ ባርኔጣቸውን ጉልበታቸው ላይ አስቀምጠው ይጠብቃሉ። ስትወጣ ቀና ብለው አዩዋት።

«መርፌ፣ ወደ ፈረሶቹ መቼ ነው የምንነሳው?»

ሰው ሲሳሳት ሳታርም የማታልፍ ሴት ነበረች። በጥጥ የያዘችውን ክንዷን አጥፋ አጠገባቸው ተቀመጠች።

«ነገ በጠዋት፣ ጋሼ።»

«ስንቅ እንዳታበዢ። ፈረሶቹ ይደክማሉ።»

«እሺ፣ አላበዛም» አለች።