የባየው ቀኝ እግር

ኢንስፔክተር አሰገደች ከደብረ ብርሃን ተነሥታ ጎረቤላ ስትደርስ፣ ጉሙ ከገደሉ ሥር ወጥቶ መንደሩን ውጦት ነበር። የደወለላት ሳጅን አብርሃም አጥሩ በር ላይ እጆቹን እያፋተገ ጠበቃት።

«ብዙም የሚያለፋ ነገር አይደለም» አላት ወደ ቤቱ እየመራት። «ሰውዬው ሕመሙ አማሮት ራሱን አጥፍቷል። ባዶ የኪኒን ማሸጊያ አጠገቡ አግኝተናል።»

«ታዲያ ለምን ጠራኸኝ?»

ሳጅኑ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ሚስትየው ናት። ‹ባሌ ራሱን አላጠፋም፤ አላስቀብርም› ብላ በር ላይ ቆመች።»

ባየው አልጋው ላይ በጀርባው ተጋድሟል። በጉልምስናው አይሱዙ ይነዳ የነበረ፣ ትከሻው ሰፊ ሰው ነው፤ ፊቱን ግን ሕመም ከዕድሜው በላይ አስረጅቶታል። ወገቡ ላይ በታሰረች ቀበቶ መዳፍ የማትሞላ ባትሪ ተሰክታለች። ከጀርባው፣ ከፕላስተሩ ሥር የወጣው ቀጭን ሽቦ ከባትሪዋ ተነቅሎ ተንጠልጥሏል።

«አዲስ አበባ ያሉ ሐኪሞች የገጠሙለት ነው» አለ ሳጅኑ። «ነርቩን በኤሌክትሪክ እየነካካ ሕመሙን ዝም ያሰኛል አሉ። አልሠራለትም።»

አሰገደች ጋቢውን ከእግሩ ላይ ገለጠች። ሁለቱም እግሮች ወፍራም የሱፍ ካልሲ ለብሰዋል።

«ይህን ማን አለበሰው?»

«እንጃ። ከፖሊስ ቀድሜ የገባሁት እኔ ነኝ። ከእኔ ወዲህ ማንም አልነካውም።»

የቀኙን ካልሲ በቀስታ ዝቅ አደረገችው። ላስቲኩ ያረፈበት ቦታ ተሰርጉዷል፤ ከሥሩ ደግሞ እግሩ አብጧል። ጠባሳው ከጉልበቱ እስከ ቁርጭምጭሚቱ ይወርዳል። ከዚያ ዓይኑን ገልጣ አየች፤ ቀያይ ነጠብጣቦች አሉበት። ከንፈሩን ገለበጠች፤ ውስጡ ጥርሱ ላይ ተጨፍልቆ ጠቁሯል።

«ሬሳው ደብረ ብርሃን ሄዶ ይመርመር» አለች።

የሟቹ ሚስት ሠናይት ጓዳ ውስጥ መደብ ላይ ተቀምጣለች። እንባዋ አልቆ ዓይኗ ደርቋል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና ጥቂት ልጠይቅዎ» አለች አሰገደች። «ሕመሙ እንዴት ያለ ነበር?»

«እሳት ነው ይል ነበር። ያን ጊዜ መኪናው ከተገለበጠ ወዲህ ቀኝ እግሩ ይቃጠላል። አጥንቱ ገጥሟል፣ ቁስሉ ድኗል፤ ነርቩ ግን አልዳነም አሉን። እንኳን ሰው ነፋስ ሲነካው ይጮኻል። በዚህ ብርድ እግሩን ከጋቢ ውጭ አድርጎ ነው የሚያድረው። እኔ ሚስቱ ስንት ዘመን ያን እግር ነክቼው አላውቅም።»

«ካልሲ አያደርግም?»

«ግራውን ብቻ። የቀኙ ከገዛሁት ጀምሮ እንዳዲስ ሳጥን ላይ ተቀምጧል።»

አሰገደች ፊቷን አልለወጠችም። እናቷ የስኳር ሕመምተኛ ነበሩ፤ አንሶላ እግራቸውን ሲነካቸው ሲያለቅሱ አይታለች። «መድኃኒቱን የሚይዘው ማነው?» ስትል ቀጠለች።

ሠናይት ከአንገቷ ክር ያለው ቁልፍ አወጣች። «እኔ። አንድ ቀን እግሬ ላይ ወድቆ ‹ሁሉንም ስጪኝና ልገላገል› ብሎ ለመነኝ። ባሌ እኮ ነው፣ እግሬ ላይ! ከዚያ ወዲህ ቆልፌ አንድ አንድ እያልኩ ነው የምሰጠው።»

ሳጥኑ ተከፈተ። ኪኒኑ እንዳለ ነው።

«ባዶ ማሸጊያዎቹን የት ታደርጊያቸዋለሽ?» አለች አሰገደች፤ ሳይታወቃት አንቺ ብላታለች።

«መስኮቱ ላይ ቆርቆሮ ውስጥ። መድኃኒት ሲያልቅ ለፋርማሲው የማሳየው እሱን ነው።»

ቆርቆሮው ባዶ ነበር።

«ማሽኑን እንዴት አሰባችሁት?»

«ነርሷ ናዝራዊት ናት የነገረችን። መጀመሪያ ለሙከራ ነው፤ ሽቦው ከውስጥ ይገባል፣ ባትሪው ከውጭ ይቆያል። ከሠራ ባትሪውም ቆዳ ሥር ይቀበራል፤ ካልሠራ ሽቦውን ያወጡታል። እሱ ፈራ። ‹አከርካሪዬ ላይ ሽቦ? ጭራሽ ሽባ ቢያደርገኝስ?› አለ። ክረምቱን ሙሉ ሲያወጣ ሲያወርድ ከረመ። እንሂድ ስለው እተወዋለሁ ይላል፤ ተወው ስለው እሄዳለሁ ይላል። ኋላ ‹ስለት ተስያለሁ። ይህ እግር ዝም ካለልኝ የማደርገው ነገር አለ› ብሎ ተነሣ።»

«ምን ሊያደርግ?»

«አልነገረኝም።» ሠናይት አንገቷን ደፋች። «ትናንት ጎረቤት ልቅሶ ሄጄ ነበር። ስመለስ ሞቶ አገኘሁት።»

ናዝራዊት ወጣት ነርስ ናት።

«ትናንት ጠዋት መጥቼ ነበር። ከአዲስ አበባ ሐኪሙ በስልክ እየነገረኝ የማሽኑን ኃይል ከፍ ዝቅ አደረግኩለት። ድንገት ጸጥ አለ። ‹አመመዎት?› ስለው እንባው ወረደ። ‹እስከ ማታ ልየው። ለሠናይት ምንም እንዳትነግሪያት› አለኝ። ተስፋ የቆረጠ መሰለኝ፣ ኢንስፔክተር። ትቼው ባልሄድ ኖሮ...»

«ስትወጪ ሽቦው ተሰክቶ ነበር?»

«እኔው ነኝ የሰካሁት።»

የሟቹ ታላቅ ወንድም ገብረመንፈስቅዱስ ደግሞ ሳይጠየቅ ጀመረ። «ተጣልተናል፤ አልክድም። የአባታችንን ባሕር ዛፍ ሸጦ ሽቦ ሊገዛ! ትናንት እኩለ ቀን ላይ መጥቼ ከደጅ ሆኜ ጮኽኩበት።»

«እሱስ?»

ሽማግሌው ቁጣው ከዳው። «አልተቆጣም። ከውስጥ ሆኖ ‹ወንድም ጋሼ፣ ነገ ይምጡ፤ ነገ ሰው እሆናለሁ› አለኝ። የሚቀባዥር መሰለኝና ሳልገባ ተመለስኩ። ብገባ ምን ነበረበት?»

የቀረው የሠናይት ታናሽ ወንድም ዋሴ ነው። እናትና አባታቸው ከሞቱ በኋላ እህቱና ባየው ናቸው ያሳደጉት። አሁን በጎረቤላና በደብረ ብርሃን መካከል ሚኒባስ ይነዳል። ዓይኑ በልቅሶ አብጧል።

«ጋሼ ባየው ለእኔ አባቴ ነው» አለ። «ከሰዓት ላየው መጣሁ። ‹እግሬን፣ እግሬን› እያለ ይንፈራገጣል። ‹አይሠራም፣ ቀለዱብኝ› አለና ሽቦውን በገዛ እጁ ነቀለው። አባብዬው ወጣሁ። ምነው እጄን በቆረጠው፣ ባልወጣሁ!»

«ሲንፈራገጥ ጋቢ ለብሶ ነበር?»

«እንዴት ይችላል? እግሩ ራቁቱን ነበር እንጂ።»

አሰገደች አመሰገነችውና ወጣች።

በማግስቱ ጠዋት ሬሳው ሳይመለስ ድንኳኑ ተተክሎ ነበር። አንዲት ሻሽ ያሰሩ እናት ከአሊዩ አምባ ዳገቱን ወጥተው፣ የድንኳኑ ደጃፍ ላይ ግራ ተጋብተው ቆሙ። አሰገደች ጠጋ ብላ ማንን እንደሚፈልጉ ጠየቀቻቸው።

«ሞሚና እባላለሁ። ባየው ጋ ነበር የመጣሁት። ሞተ ይሉኛል እንዴ?» አሉ። «ከትናንት ወዲያ ምሳ ሰዓት ላይ ደወለልኝ። ‹እናቴ፣ ነገ በእግሬ ቆሜ እመጣለሁ። ስለ ልጅዎ ያልነገርኩዎት አለ› አለኝ። ትናንት ስጠብቀው ዋልኩ፤ ሲቀር እኔው መጣሁ። አላህ ይርሐመው።»

«ልጅዎ...?»

«ዘምዘም። ከትምህርት ቤት ስትመለስ እሱ መኪና ላይ ነበረች። ተገልብጦ ሞተችብኝ። ‹እኔው ነበርኩ ጥፋተኛው› አለ፤ ፍርድ ቤቱም እግሩን አይቶ በገደብ ለቀቀው።»

«ቦታው ላይ ነበሩ?»

«እቤቴ አጠገብ እኮ ነው! ሮጬ ደረስኩ። መኪናው በቀኝ ጎኑ ተኝቷል። ልጄንና እሱን ከቀኙ በር ሥር ነው ያወጣናቸው፣ አንድ ላይ ተጣብቀው። ያ ባየው ያሳደገው፣ አብሯቸው የነበረው ልጅ በላይኛው በር ዘሎ ወጥቶ ያለቅስ ነበር።»

አሰገደች የሰማችውን ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። ከዚያ ስልኳ ጮኸ፤ ከደብረ ብርሃን የደወለው ሐኪም ነው። ሰምታ ስትጨርስ «ይግቡ፣ እናቴ» አለቻቸው። «እርስዎም መስማት ይገባዎታል።»

ባየው የሞተበት ክፍል ውስጥ ሁሉም ተሰበሰቡ፤ ሠናይት፣ ዋሴ፣ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ናዝራዊት፣ ወይዘሮ ሞሚና። ሳጅን አብርሃም በሩን ይዞ ቆመ። ዋሴ አሮጊቷን ሲያይ ፊቱ አመድ መሰለ።

«ባየው ኪኒን አልዋጠም» ብላ ጀመረች አሰገደች። «ሐኪሙ ሆዱ ውስጥ ምንም አላገኘም። ማሸጊያዎቹ ከቆርቆሮው ተወስደው አልጋው አጠገብ የተቀመጡ አሮጌ ባዶዎች ናቸው። ባየው የሞተው ፊቱ ላይ ትራስ ተይዞበት ነው።»

ሠናይት አፏን በነጠላዋ ያዘች።

«ማነው ያደረገው? ለዚህ ቀኝ እግሩን ጠየቅኩት። ባየው ሲሞት በዚያ እግሩ ላይ ካልሲ ነበረ። መጀመሪያ ከሞተ በኋላ ሌላ ሰው ያለበሰው መሰለኝ። ግን ላስቲኩ ቆዳውን ሰርጉዶታል፤ ከሥሩም እግሩ አብጧል። እንዲያ የሚያብጠው ደም የሚዘዋወርበት እግር ነው። ስለዚህ በሕይወት እያለ፣ ለሰዓታት አድርጎት ውሏል።»

«አይሆንም!» አለች ሠናይት። «ነፋስ የማይችል ሰው...»

«ያን ቀን ግን ቻለ። ናዝራዊት፣ ጠዋት ያለቀሰው ተስፋ ቆርጦ አልነበረም። ሕመሙ ዝም ብሎለት ነው። እስከ ማታ ልየው ያለው እርግጠኛ ሳይሆን ሚስቱን በተስፋ ላለማሞኘት ነው። ለእርስዎም፣ ጋሼ ገብረመንፈስቅዱስ፣ ሲቀባዥር አልነበረም፤ ነገ ሰው እሆናለሁ ያለው ከልቡ ነው።»

ሽማግሌው ግድግዳውን ተደግፎ ተቀመጠ።

«አሁን ሽቦው» አለች። «ተነቅሎ ነው ያገኘነው። በሕይወት እያለ ነቅሎት ቢሆን እሳቱ ይመለስበት ነበር፤ የመጀመሪያ ሥራውም ካልሲውን አሽቀንጥሮ መጣል ይሆን ነበር። ካልሲው ግን እግሩ ላይ፣ ጋቢውም ከላዩ ነው። እንግዲህ ሽቦው የተነቀለው እሱ ምንም የማይሰማው ከሆነ በኋላ ነው። ነቃዩ ማሽኑ አልሠራም ማሰኘት ፈልጓል፤ ካልሲውን ግን ጋቢው ሸፍኖበት ረስቶታል። ባየው እየጮኸ፣ በራቁት እግሩ እየተንፈራገጠ፣ ሽቦውን በገዛ እጁ ሲነቅል አየሁ ያለን አንድ ሰው ብቻ ነው።»

ማንም ወደ ዋሴ ለመዞር አልደፈረም።

«ምን ቸግሮኝ?» አለ ዋሴ፤ ድምፁ ተሰነጠቀ። «አሳደገኝ እኮ!»

«ከዚያም በላይ አድርጎልሃል። አይሱዙ መሪው በግራ ነው። መኪናው በቀኝ ጎኑ ሲወድቅ ዘምዘምና ባየው ከቀኙ በር ሥር ተጣብቀው ተገኙ። ሾፌር መሪውን ትቶ እዚያ ምን ይሠራል? አንተ በላይኛው በር፣ በሾፌሩ በር፣ ጭረት ሳይነካህ ወጣህ። ስትነዳ የነበርከው አንተ ነህ፤ ያኔ መንጃ ፈቃድ አልነበረህም። ባየው ‹እኔ ነኝ› ብሎ ሸፈነልህ። እሱ ካመነ ማን ይጠይቃል? ስለቱም ይኸው ነው፤ ሕመሙ ከተወው እውነቱን ለእናቷ ሊናገር።»

ዋሴ መሬት ላይ ተቀምጦ ፊቱን ሸፈነ።

«‹ነገ አሊዩ አምባ ውሰደኝ› አለኝ» አለ በመጨረሻ። «እግሩን እያሳየኝ እንደ ልጅ ይስቃል። ‹ጋሼ፣ ሚስቴ ልትወልድ ደርሳለች› አልኩት። ለመንኩት። ‹እኔም ስንት ዘመን ነደድኩልህ፤ ይብቃን። አብሬህ እቆማለሁ› አለኝ። ከዚያ እያወራኝ እንቅልፍ ወሰደው። እንደዚያ ሲተኛ አይቼው አላውቅም። ሲነቃ እንደሚሄድ አወቅኩ...»

ከዚያ በኋላ የተናገረው አልተሰማም። ሳጅን አብርሃም ክንዱን ይዞ አስነሣው። ዋሴ እህቱ ፊት ሲደርስ ቆመ። ሠናይት ቀና ብላ አየችው፤ እጇ ሊመታውም ሊይዘውም ያልቆረጠ ይመስል አየር ላይ ቀረ። ከዚያ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ሳጅኑም ይዞት ወጣ።

ክፍሉ ውስጥ የናዝራዊት ልቅሶ ብቻ ቀረ።

«ኢንስፔክተር» አለች ሠናይት ሳትዞር። «ያን ቀን... ሙሉ ቀን አላመመውም?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

«እና እኔ አልነበርኩም።» ድንገት ከሆዷ የወጣ ጩኸት አንቀጠቀጣት። «ሌት ተቀን አብሬው ስቃጠል ኖሬ፣ የሣቀ ቀን እኔ አልነበርኩም!»

ወይዘሮ ሞሚና እስከዚያ ድረስ እንደ ድንጋይ ቆመው ነበር። ቀስ ብለው ሄደው አጠገቧ ተቀመጡ። ሠናይት ደንግጣ ራቅ አለች።

«እኔ ያሳደግኩት እኮ ነው ልጅዎን የገደለው። እንዴት አጠገቤ ይቀመጣሉ?»

«አንቺ ያሳደግሽው ነው፤ የተሸሸገብኝን ሊያወጣልኝ የሞተውም የአንቺው ባል ነው» አሉ አሮጊቷ። «ዛሬ ልረግምሽም ልመርቅሽም አቅም የለኝም፣ ልጄ። ልቅሶ እንዴት እንደሚቀመጡ ግን አውቃለሁ።»

ከውጭ የመኪና ድምፅ ተሰማ፤ ሬሳው ከደብረ ብርሃን ተመልሷል። ድንኳኑ ውስጥ ጩኸት ተነሣ። ሠናይት ልትነሣ ግድግዳውን ያዘች። ወይዘሮ ሞሚና በብብቷ ሥር ገብተው አስነሧት፤ ሁለቱም ተደጋግፈው ወደ ጉሙ ወጡ።