9፡20 ላይ የደረቀው ኮምፒውተር

ጡረተኛው መምህር ማክሰኞ ዕለት ኮምፒውተራቸው ፊት እንደተቀመጡ ሞተው ተገኙ። ከጆሯቸው በላይ ደም ረግቷል። ስክሪኑ በርቷል፤ ግን ደርቆ ባለበት ቀርቷል፤ ምንም አይንቀሳቀስም። ጥጉ ላይ ያለው ሰዓት 9፡20 ይላል፤ ልጃቸው ከሥራ ገብታ ያገኘቻቸው ግን አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ነበር።

ባልደረቦቿ «ወይዘሮ ለምን» የሚሏት መርማሪ ስትደርስ፣ ኮምፒውተር ጠጋኙ በካቴና ታስሮ ኮሪደሩ ላይ ቆሟል።

«ያለቀ ጉዳይ ነው» አላት መቶ አለቃው። «ከውጭ የመጣ ሰው እሱ ብቻ ነው። ሲጮህባቸውም የልጅቱ ባል ሰምቷል።»

«ዘጠኝ ሰዓት ላይ ስወጣ ደህና ነበሩ፣ በልጆቼ ስም!» አለ ጠጋኙ። «ይሄ ጉደኛ ማሽን አንድ ወር ሙሉ አቃጠለኝ። እዚህ እንዳሻው ይደርቃል፤ ሱቄ ስወስደው ሦስት ቀን ያለ እንከን ይሠራል። ሚሞሪ ቀየርኩ፣ አቧራ ጠረግኩ፣ ሶፍትዌሩን እንደ አዲስ ጫንኩ፤ ወይ ፍንክች! ዛሬ ደግሞ ‹ተወው፣ በሽታው ማሽኑ ውስጥ አይደለም› አሉኝ። ሙያዬን የናቁ መስሎኝ ጮህኩ።»

«ሱቅህ ውስጥ ለምን አይደርቅም?»

«እሱን ባውቅ ኖሮ እንዲህ ታስሬ እቆም ነበር?»

መርማሪዋ ጠረጴዛው ላይ የነበረውን ደብተር ገለጠች። መምህሩ እንደ ሐኪም ነው የመዘገቡት፤ ቀኑን፣ የደረቀበትን ሰዓት፣ እንደገና ያስነሱበትን ሰዓት። ስምንት ጊዜ ደርቋል፤ አንዴም ከሁለት ደቂቃ በላይ አልታገሡትም። የመጨረሻው የዓርብ ነው፤ ከሥሩ «ምክንያቱን አወቅሁ። ለልጄ አልነግራትም» ይላል።

«ይኸው! ጠጋኙ ሆን ብሎ እንደሚያበላሸው ደርሰውበታል» አለ መቶ አለቃው።

እሷ ጎንበስ ብላ የሟቹን ነጠላ ጫማ እያየች ነበር። ሶሉ ላይ የስሚንቶ ብናኝ አለ። የክፍሉ ምንጣፍ ግን ንጹሕ ነው። ከዚያ ጠረጴዛው የተደገፈበትን ግድግዳ በጣቷ መታ መታ አደረገች።

«ከዚህ ወዲያ ምንድን ነው?»

«እቃ ቤት ነው፣ የኔ ልጅ» አሉ እዚያው ቤት የሚኖሩት የሟቹ እህት። ጆሯቸው ስለከበደ ጮክ ብለው ነው የሚያወሩት። «የወንድሜ መጻሕፍት በካርቶን የታሸጉበት። ወለሉ ስሚንቶ፣ በሩ ብረት ነው፤ በሩን በኃይል ካላላተሙት አይገጥም።»

«ማን ይገባበታል?»

«እኔማ ጉልበቴ ደረጃውን አያስወርደኝም።»

«እኔ ካገባሁ ጀምሮ እግሬ ረግጦት አያውቅም» አለ የልጅቱ ባል፣ ማንም ሳይጠይቀው።

በማግስቱ ጠዋት ሁሉንም እዚያው ክፍል ሰበሰበቻቸው። ጠጋኙ በታሰረ እጁ ኮምፒውተሩን አስነሳ፤ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓት ስክሪኑ ላይ ከፈተ። አንድ ፖሊስ የውጭውን በር አላተመ። ሰከንዱ መቁጠሩን ቀጠለ። የወጥ ቤቱን አላተመ፤ አሁንም ቀጠለ። የእቃ ቤቱ በር ሲላተም ግን ግድግዳው ደነገጠ፣ ጠረጴዛው ተንቀጠቀጠ። ሰከንዱ አርባ አንድ ላይ ቀጥ አለ።

«ውስጡ የላላ ገመድ አለ! ሲናወጥ ነው የሚደርቀው» አለ ጠጋኙ። «ሱቄ ውስጥማ ማን ያናውጠዋል?»

«መምህሩም ዓርብ ዕለት የደረሱበት ይህንኑ ነው» አለች መርማሪዋ። «አሁን ቀኖቹን ስሙ። ስምንቱም ማክሰኞና ዓርብ ናቸው። እትዬ በየቀኑ ቤት ናቸው፤ እሳቸው ቢሆኑ በሽታው የየቀኑ በሆነ ነበር። ጠጋኙም ዓርብ መጥቶ አያውቅም። እህቴ፣ የባለቤትሽ እረፍት መቼ ነው?»

«ማክሰኞና ዓርብ ነው» አለች ልጅቱ፣ ወደ ባሏ እየዞረች።

«ካርቶኖቹን ከፍቻቸዋለሁ» አለች መርማሪዋ። « ከላይ መጽሐፍ፣ ከሥር አሮጌ ጋዜጣ ነው። መጻሕፍቱ በየእረፍቱ ቀን እየወጡ ተሸጠዋል። ትናንት 9፡20 ላይ ማሽኑ ሲደርቅ መምህሩ አላስነሱትም። ለምን? ተነሥተው ወደ እቃ ቤቱ ስለሄዱ ነው። በእግራቸው ቢመለሱ ኖሮ በሁለት ደቂቃ ውስጥ ያስነሱት ነበር። የእቃ ቤቱ ስሚንቶ ብናኝም ምንጣፉን በነካው ነበር። ተሸክሞ ያስቀመጣቸው ሰው አለ። ደግሞስ ‹ለልጄ አልነግራትም› ያሉት ለምንድን ነው? የኮምፒውተር ብልሽት ከልጅ የሚደበቅ ነገር ነው?»

«አልመታኋቸውም!» ብሎ ጮኸ የልጅቱ ባል። «ገፋ ብቻ ነው ያደረግኳቸው። ደረጃው ነው የመታቸው!»

«ታዲያ ለምን ሰው አልጠራህም?»

ጆሯቸው የከበደው የሟቹ እህትም ሁሉንም ሰምተው ኖሮ፣ አፋቸውን በነጠላቸው ሸፍነው ያለቅሱ ጀመር።

ልጅቱ ደብተሩን አንስታ የአባቷን የእጅ ጽሑፍ በአውራ ጣቷ ዳሰሰች። «አባቴ ላንተ ያዘነ እንዳይመስልህ» አለችው ለባሏ። «ትዳሬ እንዳይፈርስብኝ ብሎ ነው ለብቻው የመጣልህ።»

ካቴናው ከጠጋኙ እጅ ወጥቶ ወደ ባልየው ዞረ። ጠጋኙ አንጓውን እያሻሸ ባልየውን እስኪወስዱት ጠበቀ፤ ከዚያ ደርቆ ወደ ቀረው ስክሪን አየ።

«ገመዱን ላስተካክልልሽ? አሁን ደቂቃም አይፈጅብኝም።»

«ተወው» አለች ልጅቱ። «ማሽኑስ አንድ ወር ሙሉ ሲነግረን ነበር።»