ከዋሻው ውስጥ የተደወለው ስልክ

እኔ እንዲህ ያለ ነገር ሲወራ ተነስቼ የምወጣ ሰው ነበርኩ፣ ካዛንቺስ አንድ ክሊኒክ ውስጥ ላብራቶሪ ነው የምሰራው፣ ቀኑን ሙሉ ደም በማይክሮስኮፕ ሳይ እየዋልኩ፣ የማይታይ ነገር አለ ሲሉኝ እንዴት ብዬ ልመን፣ በቃ እንደዚያ ነበርኩ። ስለዚህ የምነግራችሁን ባታምኑኝ አልቀየማችሁም።

ታናሽ ወንድሜ ብሩክ እንግሊዝ አገር ነው፣ የሚኖረው ግን ጀልባ ላይ ነው። ማለቴ የባህር ጀልባ እንዳይመስላችሁ፣ እዚያ ድሮ የድንጋይ ከሰል ይጓጓዝበት የነበረ፣ በሰው እጅ የተቆፈረ የውሃ ቦይ አለ፣ በዚያ ቦይ የምትሄድ፣ እንደ አውቶቡስ የረዘመች፣ እጁን ግራና ቀኝ ሲዘረጋ ሁለቱንም ግድግዳ የሚነካባት ጠባብ ነገር ናት። አልጋው፣ ምድጃው፣ ሽንት ቤቱ ሁሉ እዚያው ነው፣ አንድ ቦታ ከሁለት ሳምንት በላይ መቆም ስለማይፈቀድለት ቤቱን እየነዳ ይዞራል። እማዬ መጀመሪያ ስትሰማ "ልጄ ውሃ ላይ ሊተኛ?" ብላ አልቅሳለች፣ በኋላ ግን በመስኮቱ ስር ዳክዬ ሲዋኝ በቪዲዮ እያሳያት ለመደችው።

ያን ቀን ቅዳሜ ነው፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ገደማ፣ እኔ ቂርቆስ ቤታችን ሆኜ በቪዲዮ እያወራን፣ እሱ ከጀልባዋ ኋላ ቆሞ መሪውን እንደያዘ፣ ኮረብታ ስር የሚገባ ጥቁር ቀዳዳ አሳየኝ።

"ሰኒ፣ ዋሻ ልገባ ነው፣ ውስጡ ኔትወርክ የለም፣ ከአርባ ደቂቃ በኋላ ስወጣ እደውላለሁ" አለኝና ተቋረጠ።

ልብስ ላሰጣ ግቢ ወጣሁ። ገና ሦስተኛውን ሳልሰቅል ስልኬ ጠራ፣ የብሩክ ቁጥር ነው፣ ቪዲዮ ሳይሆን ድምፅ ብቻ።

"ወጣህ እንዴ?"

"አልወጣሁም" አለኝ። ድምፁ የራሱ ነው፣ እመኑኝ፣ የወንድሜን ድምፅ አልስትም፣ ብቻ ትንሽ ራቅ ብሏል።

"ኔትወርክ የለም አላልክም?"

ያኔ ነው የሞተሩ ድምፅ እንደሌለ ያስተዋልኩት፣ ያቺ ጀልባ ስትሄድ ዱክ ዱክ ዱክ ማለቷ ከንግግሩ ስር ጠፍቶ አያውቅም፣ አሁን የለም። በምትኩ ውሃ ጠብ፣ ጠብ ይላል፣ ከዚያ ደግሞ የእግር ኮቴ፣ ቀስ ያለ፣ የከበደ፣ እርጥብ ድንጋይ የሚረግጥ ሰው ዓይነት፣ እሱም የአንድ ሰው አይደለም፣ የሁለት ነው።

"ብሩኬ፣ ከማን ጋር ነህ?"

"ሰናይት" አለኝ። አፉን ከፈታ ጀምሮ በሙሉ ስሜ ጠርቶኝ አያውቅም። "የክርስትና ስሜ ማን ነበር?"

ሳቄ መጣ። "ምን ሆነሃል፣ ስምህን ረሳህ?"

"ጠፋብኝ። ንገሪኝ።"

ኮቴው ቆመ። እንዴት ልግለጽላችሁ፣ ሰው ለመስማት ትንፋሹን ሲይዝ የሚኖር ዝምታ አለ አይደል፣ ልክ እሱ። እኔ ሞኟ ነገርኩት። "እሺ" አለ፣ ኮቴው እንደገና ጀመረ፣ ስልኩ ተዘጋ።

ዞር ስል እማዬ በሩ ላይ ቆማለች።

"የማንን ስም ነው የምትጠሪው?"

"የብሩክን፣ ረሳሁት ብሎኝ..."

"ልጄ የክርስትና ስሙን ረሳ?" ፊቷ አመድ መሰለ። የክርስትና ስም ለማንም አይነገርም፣ ክፉ ሰው በዚያ ስም ያስደግምባችኋል እያለች ስታስጠነቅቀን የምስቀው እኔ ነበርኩ። ነጠላዋን አንስታ ወደ ቤተክርስቲያን ሄደች።

ከግማሽ ሰዓት በኋላ ብሩክ በቪዲዮ ደወለ፣ ፊቱ ላይ ፀሐይ በርቶበታል። "ኡፍ፣ ሰኒ፣ ገና አሁን መውጣቴ ነው!"

"ቅድም ደውለህልኝ አልነበር?"

"በምን ኔትወርክ? ስልኬን ከኪሴም አላወጣሁት።" ከፍቶ አየ፣ ምንም የደወለው የለም። እኔ ስልክ ላይ ግን አለ፣ የእሱ ቁጥር፣ አራት ደቂቃ።

የስሙን ነገር ለማንሳት አፌ አልታዘዘኝም፣ ብቻ ዋሻው ውስጥ በእግሩ የሚሄድ ሰው አለ ወይ አልኩት።

"መራመጃ የለውም እኮ፣ ግድግዳና ውሃ ብቻ ነው" አለና ትንሽ አሰበ። "ድሮ ግን፣ ሞተር ሳይመጣ፣ ሁለት ሰዎች ጀልባው ላይ በጀርባቸው ተኝተው ግድግዳውን በእግራቸው እየረገጡ ነበር የሚያሳልፉት። ወድቀው እዚያው የቀሩ አሉ ይባላል። ምነው?"

"ምንም" አልኩት።

የኔትወርክ ስህተት ነው፣ ደክሞኝ ነው፣ ያላልኩት የለም፣ ደግሞም ወራት አለፉ፣ እየረሳሁት ነበር። ባለፈው እሁድ ደወለ።

"ሰኒ፣ ሰሞኑን ጠዋት ጠዋት ከውጭ ሰው ይጠራኛል፣ ወጥቼ ሳይ ማንም የለም፣ ጭጋግ ብቻ።"

"ብሩክ ብሎ?"

"አይደለም። በክርስትና ስሜ። እዚህ አገር ያንን ስም ማን ያውቃል?"

"አቤት እንዳትል!" አልኩት ጮኼ፣ "ሰማኸኝ? በፍጹም አቤት እንዳትል!"

"ብያለሁ እኮ" አለኝ።